ለእራት የተጠራው እንግዳና የልጃገረዷ ጥያቄ



የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ በደንብ የሚያውቀው አንድ ጭንቀት አለ። ልጆች 10ኛ ክፍልን ወደ መጨረሱ ሲቃረቡ «የተፈጥሮ ሳይንስ ልግባ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ «የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ልምረጥ? ምን ልማር? ተምሬስ ምን ሥራ አገኛለሁ?» የሚሉት ይከተላሉ። እናት ለልጇ መልካሙን ሁሉ ትመኛለች። ይሁን እንጂ ራሷ በዚያ በር ካላለፈች «በርቺ ልጄ፣ እግዜር ይርዳሽ» ከማለት በላይ የምትናገረው ይጠፋታል። ምርቃት ትልቅ ነገር ነው። ምክር ግን ከምርቃት ሌላ ነው። ምክር የሚገኘው መንገዱን ሄዶ ካየው ሰው ዘንድ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንወያየው ይህንን መንገዱን ያየ ሰው ወደ ቤት ስለ መጥራት ነው። ይኸውም ከኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ለእራት ጠርቶ፣ ከተማሪ ልጅ ጋር በአንድ ገበታ አስቀምጦ ማነጋገር ማለት ነው። ለእንግዳ እራት ማቅረብ ለእኛ አገር እናት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከማንም የምትማረውም አይደለም። አዲሱ ነገር ልጅቱን ከጓዳ አውጥቶ ከእንግዳው አጠገብ ማስቀመጡ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

ቅርብ ሆኖ የራቀ ደጅ

የካ ክፍለ ከተማን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በኮተቤ በኩል የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ። ኮከበ ጽባሕንና ደጃዝማች ወንድይራድን የመሳሰሉ ስማቸው የታወቀ ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። በመገናኛና በሾላ አካባቢ ባንኩ፣ ክሊኒኩና መሥሪያ ቤቱ ከየኮሌጁ ተመርቀው በወጡ ሠራተኞች የተሞላ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ተራራ ሲወጣ ግን ኑሮው ሌላ መልክ አለው። ከባሕር ዛፉ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን ወርደው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ብዙ ናቸው። እንጀራ ጋግረው፣ የሰው ልብስ አጥበው፣ ጉሊት ተቀምጠው ልጅ የሚያስተምሩም አሉ። ከእነዚህ ቤቶች የሚወጡት ልጆች ትምህርት ቤት ከሌላው ልጅ ጋር እኩል ይቀመጣሉ፤ አንዱን መጽሐፍ ያነባሉ፤ አንዱን ፈተና ይፈተናሉ። ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ግን ልዩነቱ ይመጣል። አንዱ ልጅ ቤት አባት ሐኪም፣ አክስት መሐንዲስ ነች። የዩኒቨርሲቲ ወሬ ከወጡ ጋር አብሮ ይቀርባል። ልጁ ሳይጠይቅ ይሰማል፤ ሳያስበው ይማራል። በሌላው ልጅ ቤት ግን ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በስሙ ብቻ ነው።

ከተራራው ሥር እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ያለው ርቀት በታክሲ የሚደረስበት ነው። ለአንዲት ተማሪ ልጃገረድ ግን በዚያ በር ከሚወጡት ሰዎች ከአንዱም ጋር ቁጭ ብላ ተነጋግራ ካላወቀች፣ ደጁ ከባሕር ማዶ ቢሆን አንድ ነው። አባቶች «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ያልናፈቁትን አገር ደግሞ ተነሥቶ ለመሄድ እግር ይከብዳል።

ቀድሞ እንዴት ነበር?

የተማረውንና በመማር ላይ ያለውን ማገናኘት በአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በአዳሪ ትምህርት ቤት ታናሹ ከታላቁ ጋር ይበላል፣ ከታላቁ ጋር ያድራል። ታላቁ የደረሰበትን ታናሹ በምግብ ቤቱ ወንበር ላይ ሆኖ ይሰማል። እናትና አባቱ ገበሬ ቢሆኑም፣ ወደፊት ስለሚጠብቀው ትምህርት የሚነግረው ሰው አያጣም ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በዚያው ዘመን ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ሥር በነበረው በልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት የዩኒቨርሲቲን ኑሮ በዓይናቸው አዩ ማለት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ በብሔራዊ አገልግሎት ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ የሠሩት በአስተማሪነት ነው። በሩቅ አገር ያለ የገጠር ከተማ ተማሪ በዚህ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ዓመቱን ሙሉ በአጠገቡ አገኘ፤ ጥያቄውንም ጠየቀ።

እነዚህ ሁሉ ዛሬ በነበሩበት መልክ የሉም። ዩኒቨርሲቲዎች ግን በዝተዋል፤ ተመራቂውም በየሰፈሩ አለ። ቀድሞ መንግሥትና ትምህርት ቤት ያገናኙት የነበረውን ሰው ዛሬ እናት በገዛ ቤቷ ልታገናኘው ትችላለች።

የቁጥሩ ነገር

«ልጄ ጎበዝ ናት፤ ሲደርስ ታውቀዋለች» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሲደርስ ማወቅ ግን አንዳንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ማወቅ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ የታየውን ውጤት እንመልከት። በዚያ ዓመት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኑ።

ይህንን የምንጽፈው እናቶችን ለማስደንገጥ አይደለም። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱም መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ዝግጅቱ በ12ኛ ክፍል የሚጀመር አይደለም። ሁለተኛ፣ ለብዙ ልጆች የዩኒቨርሲቲን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡት በዚያው በፈተናው ሰሞን ነው። ልብ በሚመታበት ቀን እንግዳ ቦታ መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ገበታ ላይ ተቀምጦ «ግቢው እንዲህ ነው፣ መኝታው እንዲህ ነው፣ አትፍሪ» ብሏት ቢሆን ኖሮ ግን ቦታው ያን ያህል እንግዳ አይሆንባትም።

ከዚህም ሌላ የትምህርቱ አሠራር በየጊዜው ይለወጣል። ከግማሽ በታች ያመጡ ተማሪዎች የሚገቡበት የማካካሻ ትምህርት አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይማራል፤ የትምህርት ክፍል የሚመደበውም በምርጫውና ባመጣው ውጤት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ይፈተናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ይህንን ሁሉ እናት በቃሏ ልታውቀው አይጠበቅባትም። የሚያውቀውን ሰው ማወቅ ግን ትችላለች።

የቅርብ ዘመድና የሩቅ ትውውቅ

ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ባለሙያው ሰዎች ሥራቸውን በማን በኩል እንዳገኙ ሲያጠኑ፣ ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጆቻቸው ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኟቸው ሰዎች ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የቅርብ ሰዎቻችን የሚያውቁት እኛው የምናውቀውን ነው። አንድ ሰፈር እንውላለን፤ አንድ ወሬ እንሰማለን። አዲስ ወሬ የሚያመጣው ሌላ ቦታ ውሎ የሚመጣው ሰው ነው።

ይህ ለእኛ እናቶች ትልቅ ተስፋ ነው። ምክንያቱም የአገራችን እናት የሩቅ ትውውቅ አይጎድላትም። እድሩ አለ፤ እቁቡ አለ፤ የጽዋ ማኅበሩ አለ፤ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የምታገኛቸው ሰዎች አሉ። ልብስ የምታጥብላቸው ወይም እንጀራ የምታቀርብላቸው ደንበኞችም አሉ። በእድር ላይ ድንኳን ሲተከል አብረው ከሚቀመጡት ሰዎች መካከል የአንዷ ልጅ ነርስ፣ የሌላው የወንድም ልጅ የሒሳብ ሠራተኛ ይሆናሉ። እናት ይህን ታውቃለች፤ ነገር ግን ለልጇ ትምህርት ይጠቅማል ብላ አላሰበችው ይሆናል።

በሌላው ዓለምም ይህ የተለመደ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ኮሌጆች ለመግባት የሚያመለክተውን ተማሪ የሚያነጋግሩት በየከተማው የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ናቸው። በየቤታቸው እራት አዘጋጅተው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሚጠሩም አሉ። እኛ ለእንግዳ ገበታ መዘርጋትን ከማንም ባንማርም፣ ገበታውን ለተማሪ ልጅ ጥቅም ማዋልን ብንማር አያሳፍረንም።

ጓዳ የቀረው ጥያቄ

እዚህ ላይ ከዋናው ነገር ደረስን። እንበልና አንዲት እናት ይህን ምክር ተቀብላ አንድ የተማረ ሰው ለእራት ጠራች። ቤቱ ተጠርጓል፤ ወጡ ተሠርቷል፤ እንግዳውም ገብቶ ተቀምጧል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ብቅ ትላለች።

«ተማሪ ነሽ አሉኝ፤ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ይላል እንግዳው።

«10ኛ» ትላለች መሬት መሬት እያየች።

«ጎበዝ! በርቺ።»

ጨዋታው በዚህ ያልቃል። ልጅቱ ማስታጠቢያውን ይዛ ትወጣለች። እንጀራ ታመጣለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ ቡና ትቆላለች፤ ዕቃ ታጥባለች። ወንድሟ ግን ከእንግዳው ጎን ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ይሰማል፤ ስልክ ይቀበላል። እንግዳው ሲወጣ እናት ደስ ብሏት «ዛሬ ልጆቼ የተማረ ሰው አገኙ» ትላለች። ያገኘው ግን አንዱ ልጅ ነው። የልጅቱ ጥያቄ ከማጀት አልወጣም።

ይህ በክፋት የሚደረግ አይደለም። ልጃገረድ በእንግዳ ፊት ዝም ማለቷ ጨዋነት ሆኖ ስለኖረ ነው። በድሮው ልማድ ትልልቆች ሲበሉ ልጆች ውሃ ወይም መብራት ይዘው ይቆሙ ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲባልም አድገናል። ጨዋነት መልካም ነው፤ ይጥፋም አንልም። ነገር ግን ጨዋነት ማለት ትልቅን ማክበርና በልክ መናገር ማለት እንጂ የሚጠቅምን ነገር አለመጠየቅ ማለት አይደለም። በእናቷ ገበታ ላይ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ማለትን ያልለመደች ልጅ፣ ነገ በዩኒቨርሲቲው የመዝገብ ክፍል መስኮት ፊት፣ ከነገ ወዲያም በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ እንድትጠይቅ መጠበቅ ከባድ ነው።

የአገራችንን የተማሩ ሴቶች ታሪክ ያየን እንደሆነ ቁጥራቸው ምን ያህል ጥቂት እንደነበረ እንረዳለን። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ። ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን በቅተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋን ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር፣ ያለምፀሐይ መኮንንን ያገኘው ግን ኮሌጁ ሥራ ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ያሉትን ታላላቅ ሴቶች ስም ለልጆቻችን መንገር ይገባል። ይሁን እንጂ ለአንዲት የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ከታላቅ ስም ይልቅ የሚያደፋፍራት፣ ከሦስት ቤት አልፋ የምትኖረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀችው ልጅ ነች። «እኔም የአንቺን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ሒሳብ እንደ አንቺው ይከብደኝ ነበር» የምትላት ልጅ።

እንዴት ይዘጋጅ?

ነገሩን በተግባር ለማዋል ለምትፈልጉ እናቶች የሚከተለውን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ እንግዳውን በማዕረግ አትምረጡ። ትልቅ ባለሥልጣን ወይም ስመ ጥር ሐኪም መሆን የለበትም። እንዲያውም ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ያልቆየ ሰው ዛሬ ያለውን አሠራር የበለጠ ያውቃል። የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የልጅቱ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ ሁሉም ይጠቅማሉ። ሁለት ሰው ቢሆኑና ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። አንዱ የተፈጥሮ፣ ሌላዋ የማኅበራዊ ሳይንስ የተማሩ ቢሆኑ ደግሞ የበለጠ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ እራቱን አታክብዱት። ዶሮ ይታረድ፣ ብድር ይገባ አንልም። ሽሮ፣ ጎመንና ምስር በፍቅር ከቀረበ ይበቃል። ዕለቱ የጾም መሆን አለመሆኑን ግን ቀድሞ ማሰብ ነው። እራቱ ቢከብድ ቡና ማፍላት ብቻውን በቂ ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቢሆን እንግዳውም አይመሽበትም፤ ልጆችም ነገ ትምህርት የለባቸውም። ጎረቤት ሁለት ተማሪ ልጆች ካሉ አብራችሁ ጥሩ፤ ወጪውም ሥራውም ይከፈላል፤ ልጆቹም ተደፋፍረው ይናገራሉ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሥራውን ቀድማችሁ አከፋፍሉ። ያን ቀን እጅ የሚያስታጥበው ወንድ ልጅ ይሁን፤ ውሃ የሚቀዳው አባት ይሁን። ቡናውን እናት ራሷ ታፍላ። ልጅቱ እንግዳው ከተቀመጠበት ሰዓት እስከሚነሣበት ድረስ ከወንበሯ አትነሣ። ይህ አንድ ምሽት ነው፤ ቤቱ አይፈርስም።

በአራተኛ ደረጃ፣ ልጅቱ ጥያቄዎቿን አስቀድማ በደብተር ትጻፍ። ያልተጻፈ ጥያቄ በእንግዳ ፊት ይጠፋል። ለምሳሌ የሚከተሉት ይጠቅማሉ፦

ሀ. በ10ኛ ክፍል ሳሉ ያላወቁት፣ ዛሬ ግን «ምነው ባወቅሁ ኖሮ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ለ. የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ነበር? ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ምኑ ይለያል?

ሐ. የተማሩት ትምህርት በሥራ ላይ ምን ይመስላል? ጠዋት ገብተው ማታ እስኪወጡ ምን ይሠራሉ?

መ. ወጪው ስንት ነው? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት አሠራር ሲመረቁ እንዴት ነው የሚከፈለው?

ሠ. ለሴት ተማሪ የግቢ ኑሮ ምን ችግር አለው? ችግር ሲደርስ ለማን ይነገራል?

ረ. ውጤቱ ሳይሞላ ቢቀር ምን መንገድ ነበረዎት? የቴክኒክና ሙያ ትምህርትስ እንዴት ነው?

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻውን አትዝለሉት። ተምሮ የተሳካለት ሰው የወጣበትን እንጂ የወደቀበትን መናገር አይወድም። ልጆች ግን የሚጽናኑትና የሚማሩት ሰው ወድቆ እንዴት እንደተነሣ ሲሰሙ ነው።

ልንጠነቀቅበት የሚገባ

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በእኛ ከተማ «ሰው አለኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሌላ ነገር ነው። ጉዳይ የሚያስፈጽም፣ ተራ የሚያስዘልል፣ ቦታ የሚያሲዝ ዘመድ ማለት ነው። እኛ የምንለው እራት ይህ አይደለም። እንግዳውን የምንጠራው ዕውቀቱን እንዲያካፍለን እንጂ ሥልጣኑን እንዲያበድረን አይደለም። «ልጄን አስገባልኝ» የሚል ቃል በገበታው ላይ ከተነሣ፣ እንግዳው ሁለተኛ አይመጣም። ልጅቱም ሌላ ትምህርት ትማራለች፤ ይኸውም በጥረት ሳይሆን በምልጃ እንደሚገባ። ደሃ እናት ደግሞ በምልጃው ውድድር አታሸንፍም። በጥያቄው ውድድር ግን ልጇ ከማንም እኩል ልትሆን ትችላለች።

ገንዘብ ተቀብሎ ውጤት አስተካክላለሁ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል ከውጭ አገር አመጣለሁ የሚል ሰው ከመጣም አጭበርባሪ መሆኑን እወቁ። የተማረ ሰው ሁሉ ታማኝ አይደለምና።

የልጃገረዶችንም ደኅንነት አንርሳ። ንግግሩ በእናትና በአባት ፊት፣ በቤት ውስጥ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ቢኖራት በእናቷ ስልክ ወይም በእናቷ ዕውቅና ትጠይቅ። «ቢሮዬ ብቻሽን ነዪ፣ እረዳሻለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማት ለእናቷ ወዲያው እንድትናገር ቀድሞ ይነገራት። ይህንን ስትሰማ እንዳትሸማቀቅ፣ እናት በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ትንገራት። እንዲህ ያለው ሥጋት ስላለ ግን ልጅቱን ከሰው መደበቅ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው እናት ባለችበት ሰው እንድታውቅ ማድረግ ነው።

ከእራቱ በኋላ

እንግዳው ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ልጅቱ በዚያው ማታ የሰማችውን ደብተሯ ላይ ትጻፍ። በማግስቱ አጭር የምስጋና ቃል በስልክ ትላክ። የመንፈቁ ውጤት ሲወጣም «ጋሼ፣ እንደነገሩኝ ሒሳቡን በቡድን አጠናሁ፤ ተሻሻለልኝ» ብላ ትንገር። ሰው የሰጠው ምክር ፍሬ ማፍራቱን ሲሰማ ሌላ ምክር ለመስጠት ይተጋል። አንድ እራት ትውውቅ የሚሆነው እንደዚህ ነው።

እናንተም ተመራቂዎች፣ ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ሠራተኞች ሆይ፣ አንድ ቃል አለን። እያንዳንዳችሁ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት አለ፤ ዛሬም በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ አለ። አንዲት እናት «እባክሽ ልጄን አነጋግሪልኝ» ብላ ስትጠራችሁ ሥራ በዛ ብላችሁ አትቅሩ። ከሄዳችሁም ከአባወራው ጋር ብቻ ስትጫወቱ አትምሹ። «ተማሪዋ የት አለች? ትምጣና እንጫወት» በሉ። እናቷ ልታስነሣት ያልደፈረችውን ልጅ እንግዳው በአንድ ቃል ከጓዳ ሊያወጣት ይችላል።

የትምህርት ቤቶች የወላጆች ኮሚቴዎችና እድሮችም ይህን ሥራ ሊያስቡበት ይገባል። እድር ለሐዘን ብቻ የቆመ አይደለም። የአባላቱን ልጆች ከአባላቱ መካከል ከተማሩት ጋር በዓመት አንድ ቀን ማገናኘት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድንኳኑ አለ፤ ወንበሩም አለ።

እናቶች ሆይ፣ ከተራራው እንጨት ተሸክማችሁ፣ ከገበያ ጎመን ተሸክማችሁ ልጆቻችሁን እዚህ ያደረሳችሁ እናንተ ናችሁ። የቀረው ሸክም ከዚያ ይቀላል። በሚመጣው ቅዳሜ አንድ ሰው ጥሩ፤ ሽሮውን ሥሩ፤ ልጃችሁን ከእንግዳው አጠገብ አስቀምጡና «ልጄ፣ የጻፍሽውን ጠይቂ» በሏት።